ቅዳሜ ማታ ምን እንደምንጠብቅ ለአባቴም ንገሩት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከጆሃንስበርግ ነው። ሰኞ ማታ ነው፤ ሱቅ ዘግቼ፣ ልጄን አስተኝቼ ተቀምጫለሁ። ልጄ ግን አልተኛም። ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኖ እስከ ቅዳሜ ስንት ሰዓት እንደቀረ ሲቆጥር ይሰማኛል።

የእናንተን ጋዜጣ ያስለመደኝ አባቴ ነው። እሱ አሁንም በየቀኑ ይገዛል። ዛሬ ጠዋት ደወለልኝና "ደቡብ አፍሪካ በራግቢ እንግሊዝን አሸነፈች ይላል፤ ይሄ ትልቅ ነገር ነው እንዴ?" አለኝ። ስፖርት ገጻችሁ ጥግ ላይ ሦስት መስመር አግኝቶ ነው። ደንበኛ ቆሞብኝ ስለነበር "ትልቅ ነው አባዬ፣ በኋላ እነግርሃለሁ" ብዬ ዘጋሁት። ቀኑን ሙሉ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። ሦስት መስመር! እዚህ ከተማ ካለፈው ቅዳሜ ወዲህ ስለ ሌላ ነገር የሚያወራ ሰው አላጋጠመኝም።

ስለዚህ ልለምናችሁ ነው። ከፊታችን ቅዳሜ በፊት ለዚህ ጨዋታ ግማሽ ገጽ ስጡት። እግር ኳሱን ቀንሱ አላልኩም፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን እዚህ አገር የምንኖር ብዙ ነን። ቤተሰቦቻችን እናንተን ያነባሉ። ቅዳሜ ማታ ለምን እንደምናለቅስ ወይም ለምን እንደምንጮህ ቢያውቁ ደስ ይለኛል።

ጨዋታው ቅዳሜ ጥቅምት 17 ቀን 2016 ነው፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 28፣ 2023። (ከዚህ በታች ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሜዳው ፓሪስ ጫፍ ላይ ያለው ስታድ ደ ፍራንስ ነው። እዚህ ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ እናንተ ዘንድ ከምሽቱ 4 ሰዓት ይጀምራል። የራግቢ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ነው፤ ደቡብ አፍሪካ ከኒውዚላንድ። ሁለቱም ዋንጫውን ሦስት ሦስት ጊዜ ወስደዋል። አራት ጊዜ የወሰደ አገር እስካሁን የለም። ቅዳሜ አንዳቸው የመጀመሪያው ይሆናሉ።

ያለፈውን ቅዳሜ ልንገራችሁ። ቤቴ አሥራ አንድ ሰው ነበር። ሱቅ አብራኝ የምትሠራው ልጅ ከእህቷ ጋር መጥታለች። የላይኛው ፎቅ ጎረቤቶቻችን ወንበራቸውን ይዘው ወርደዋል። ፓሪስ ዝናብ ይዘንባል። እንግሊዞች ኳሷን ወደ ሰማይ እየለጉ የእኛን ልጆች ያስጨንቃሉ። የእኛ እያልኩ ነው፤ ልጄ እዚህ ነው የተወለደው፣ እኔም ከለመድኩት ቆየሁ። አምበላቸው ኦወን ፋሬል አራት ቅጣት ምትና አንድ ድሮፕ ጎል (ኳሷን መሬት አንጥሮ በእግር የሚመታ ጎል) አስቆጠረ። አሥራ አንድ ደቂቃ ሲቀር 15 ለ 6 እየተመራን ነበር። የላይኛው ፎቅ ሰውዬ ወንበሩን አጥፎ ተነሳ። ሚስቱ እጁን ይዛ አስቀመጠችው።

ከዚያ ስክረሙ ተለወጠ። ስክረም ማለት ከሁለቱም ወገን ስምንት ስምንት ሰው ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ የሚገፋፋበት ነው። ተቀይሮ የገባው ኦክስ ንቼ እንግሊዞቹን ወደ ኋላ ይነዳቸው ጀመር። አር ጂ ስናይማን፣ ከሁለት ሜትር በላይ የሚረዝመው ልጅ፣ በ69ኛው ደቂቃ መስመሩን አልፎ ኳሷን መሬት አስነካ። ሀንድሬ ፖላርድ ተጨማሪውን ምት አስገባ፤ 15 ለ 13። ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ስክረም ላይ እንግሊዝ ተቀጣች። ቦታው ከሜዳው አጋማሽ ብዙም አይርቅም፤ እስከ ጎሉ 50 ሜትር ገደማ ነው። ፖላርድ ኳሷን አቆመ። እኔ ማየት አልቻልኩም፤ ወደ ኩሽና ገባሁ። ቤቱ ጭጭ አለ። ከመንገድ ማዶ ካለው ሕንፃ ድምፅ የለም፣ ከታችም የለም። ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ በአንድ ጊዜ ጮኸ። በጩኸቱ ነው ያወቅኩት። 16 ለ 15።

ይህ ፖላርድ በመጀመሪያው የቡድን ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ጉዳት ላይ ነበር። ውድድሩ ከተጀመረ በኋላ የቡድን ጓደኛው ማልኮም ማርክስ ጉልበቱን ሲጎዳ ነው የተጠራው። እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር ልቤን ይነካዋል። ቤቱ የነበረ ሰው ተጠርቶ መጥቶ አገር ሙሉ በእሱ እግር ላይ ተንጠለጠለ።

ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ ደግሞ በሩብ ፍጻሜ ፈረንሳይን በገዛ ሜዳዋ 29 ለ 28 አሸንፈናል። እሱም በአንድ ነጥብ። የዚያን ቀን ፈረንሳዊው ቶማስ ራሞስ ተጨማሪ ምት ሊመታ ሲንደረደር፣ ቼስሊን ኮልቢ ከጎሉ መስመር ተወንጭፎ ሮጦ ኳሷን በእጁ መለሳት። በራግቢ እንዲህ ያለ ነገር በስንት ጊዜ አንዴ ነው የሚታየው። ሁለት ነጥብ ነበር የሚያወጣው። ያሸነፍነው በአንድ ነው። ሒሳቡን እናንተው ሥሩት።

አባቴ ጨዋታውን ስለማያውቀው ትንሽ ላስረዳ። አሥራ አምስት ለአሥራ አምስት ነው፤ 80 ደቂቃ። ኳሱን በእጅ ወደ ፊት መወርወር አይቻልም፤ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ብቻ። ከተጋጣሚ መስመር ወዲያ አልፎ ኳሷን መሬት ማስነካት ትራይ ይባላል፤ 5 ነጥብ ነው። ከዚያ የሚመታው ምት 2 ነጥብ አለው። ቅጣት ምትና ድሮፕ ጎል 3 ያስገኛሉ። "ወደ ኋላ እየወረወሩ እንዴት ወደ ፊት ይሄዳሉ?" ብሎ አባቴ መጠየቁ አይቀርም። እኔም ልጄን ያንኑ ጠይቄዋለሁ። "እማዬ፣ ኳስ የያዘው ይሮጣል፣ ሌሎቹ ከኋላው ይደርሱለታል" አለኝ። አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ትምህርት ቤት ይጫወታል። ማሊያውን የማጥበው እኔ ስለሆንኩ እንዴት እንደሚጫወት ከጭቃው አውቀዋለሁ።

እኔን ከሁሉ በላይ የማረከኝ ግን የዳኛው ነገር ነው። ዳኛው ማይክሮፎን ያደርጋል፤ የሚናገረውን ሁሉ ቤታችን ሆነን እንሰማለን። ለምን እንደቀጣ ይናገራል። ቡድኑን ወክሎ የሚያናግረው አምበሉ ነው፤ እሱም "ሰር" እያለ ነው የሚያናግረው። መቶ ሃያ ኪሎ የሚመዝን፣ ጆሮው የቆሰለ ሰው "እሺ ሰር" ብሎ ወደ ቦታው ይመለሳል። ልጄ ይህን እያየ በማደጉ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። የሁለቱ ቡድን ደጋፊዎችም ስታዲየም ውስጥ ተለያይተው አይቀመጡም። አረንጓዴ የለበሰው የእኛ ደጋፊ ጥቁር ከለበሰው የኒውዚላንድ ደጋፊ ጎን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሱቄ ጄፔ ነው። ጆሃንስበርግን የሚያውቅ አበሻ ሁሉ ጄፔን ያውቃል። ከሱቄ ተነስቼ በእግር ብሄድ በግማሽ ሰዓት ገደማ ኤሊስ ፓርክ ስታዲየም እደርሳለሁ። ለብዙ ዓመት በአጠገቡ ሳልፍ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። የነገሩኝ ፊት ለፊታችን ያለውን ሕንፃ የሚጠብቁ አንድ አዛውንት ናቸው። በወጣትነታቸው ስፕሪንግቦክ፣ ማለትም የደቡብ አፍሪካ ራግቢ ብሔራዊ ቡድን፣ ሲጫወት እሳቸውና ጓደኞቻቸው የሚደግፉት እንግዳውን ቡድን ነበር። "አረንጓዴው ማሊያ የሚያስረን ሰው ማሊያ ነበር" አሉኝ። በአፓርታይድ ምክንያት ደቡብ አፍሪካ የ1987ና የ1991 የዓለም ዋንጫ ላይ አልነበረችም።

ከዚያ 1995 መጣ። ሰኔ፣ በፈረንጆቹ ጁን 24፣ ኤሊስ ፓርክ። ተጋጣሚ ያው ኒውዚላንድ። ማንዴላ የአምበሉን የፍራንስዋ ፒናርን 6 ቁጥር ማሊያ ለብሰው ወደ ሜዳ ገቡ። ያንን ማሊያ። አብዛኛው ነጭ የሆነው ሕዝብ ስማቸውን እየጠራ ጮኸ። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት አንድ ትልቅ ቦይንግ 747 ስታዲየሙን ሊነካ እስኪመስል ዝቅ ብሎ አለፈ። አዛውንቱ ድምፁን ቤታቸው ሆነው ሰምተው ነበር፤ "ጦርነት የተጀመረ መስሎኝ ነበር" አሉኝ። ኒውዚላንድ ጆናህ ሎሙ ነበራት፤ በግማሽ ፍጻሜው እንግሊዝ ላይ አራት ትራይ ያስቆጠረ ግዙፍ ልጅ። የዚያን ቀን ግን አንድም አላገባም። ከሁለቱም ወገን ትራይ አልተቆጠረም። ተጨማሪ ሰዓት ላይ ጆኤል ስትራንስኪ በድሮፕ ጎል 15 ለ 12 አደረገው።

አዛውንቱ ሐሳባቸውን ያስቀየራቸው ምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ማንዴላ ይሉኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን መጀመሪያ የጠሩት ጋዜጣ ነው። ሶዌታን የሚባለው፣ ጥቁር አንባቢዎች የሚያነቡት ጋዜጣ፣ በዚያ ውድድር ወቅት "አማቦኮቦኮ" የሚል ርዕስ ይዞ ወጣ። ስፕሪንግቦክ የሚለውን ስም ወደ ራሳቸው ቋንቋ አመጣው ማለት ነው። "የነሱ የነበረውን በኛ አፍ ጠራው" አሉኝ። ዛሬም ታክሲ ውስጥ "አማቦኮቦኮ!" ሲባል ትሰማላችሁ። አዘጋጆች ሆይ፣ አንድ ጋዜጣ ያወጣት አንዲት ቃል ናት። ለእናንተ ልጽፍ የተነሳሁት ይህን ከሰማሁ በኋላ ነው።

ዛሬ 6 ቁጥርን የሚለብሰው ሲያ ኮሊሲ ነው፤ የቡድኑ የመጀመሪያው ጥቁር አምበል። የተወለደው ጁን 16፣ 1991 ነው፤ ሰውን በዘር መዝግቦ የሚለያየው ሕግ ሊሻር አንድ ቀን ሲቀረው። ዝዊዴ በሚባል የድሆች ሰፈር አያቱ ናቸው ያሳደጉት። የ2007ቱን ፍጻሜ ቤታቸው ቴሌቪዥን ስላልነበረ መጠጥ ቤት ሄዶ ነው ያየው። ዘንድሮ ኤፕሪል ላይ ጉልበቱ ሲበጠስ ለዓለም ዋንጫው አይደርስም ብለን አዝነን ነበር። ደረሰ።

2019ን ሳልናገር ግን ይህን ደብዳቤ መጨረስ አልችልም። የዚያን ዓመት ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ እዚህ ከተማ የውጭ አገር ሰዎች ሱቅ ተዘረፈ። የእኔም በር ተሰበረ። ማን እንደሰበረው አላውቅም። ሰው ሞቷል። ልጄ ያኔ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ ለሁለት ሳምንት ትምህርት ቤት አልላክሁትም። ከዚያ ከፍቼ መሥራት ስጀምርም በሩን ግማሽ ድረስ ብቻ ነበር የምከፍተው። ኖቬምበር 2 ቅዳሜ ቀን የዓለም ዋንጫው ፍጻሜ ደረሰ። ጨዋታው ዮኮሃማ ስለነበር እዚህ ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው የጀመረው። በሩን እንደዚያው ግማሽ ከፍቼ ከልጄ ጋር በስልክ አየነው። ማፒምፒ ትራይ አስቆጠረ፤ ደቡብ አፍሪካ በፍጻሜ ጨዋታ ያስቆጠረችው የመጀመሪያው ትራይ ነው። ኮልቢ ደገመ። እንግሊዝን 32 ለ 12 አሸነፍን። መንገዱ በሰው ሞላ። እኔ በሩን ልዘጋ እጄን ዘረጋሁ። አንዲት የማላውቃት ሴትዮ ጎንበስ ብላ በበሩ ሥር ገባችና አቀፈችኝ። እያለቀሰች ነበር። ልጄን አንስታ "ና ውጣ፣ ያንተም ነው" አለችው።

ኳስ ሁሉንም ፈወሰ እያልኩ አይደለም። የተወሰደብኝ ዕቃ አልተመለሰም። ፍርሃቱም በአንድ ቀን አልወጣም። ግን ያን ቀን በሩን እስከ ላይ ከፈትኩት። ከአምስት ቀን በኋላ ቡድኑ ዋንጫውን ይዞ በአውቶቡስ ከተማውን ሲዞር ልጄን ትከሻዬ ላይ አድርጌ መንገድ ዳር ቆምኩ። ራግቢ እጫወታለሁ ያለኝ ከዚያ ስንመለስ ነው።

እንግዲህ ይህ ሳምንት እንዴት እንደሚያልፍ አስቡት። እዚህ አርብ አርብ ሰው አረንጓዴውን ማሊያ ለብሶ ነው ሥራ የሚሄደው። ባንክ የምትሠራውም፣ ነዳጅ የሚቀዳውም፣ አስተማሪውም። ሱቄ ውስጥ አረንጓዴ የሆነ ነገር አልተረፈም፤ ዛሬ አንዲት ሴትዮ የልጅ አረንጓዴ ካልሲ አጥታ ስታዝን እኔም አዘንኩ። ዘንድሮ መብራት በፈረቃ ስለሆነ የሁሉም ጭንቀት እሱ ነው። የሕንፃችን ሰዎች አዋጥተን ቴሌቪዥን የሚያሠራ ባትሪ ገዝተናል። ረቡዕ እንሞክረዋለን።

ስለ ቡድኑም እንጨነቃለን። ስክረሙን መሐል ላይ ሆኖ የሚይዘው ተጫዋች ሁከር ይባላል። ማርክስ ሲጎዳ በእሱ ቦታ የመጣው ፖላርድ ነው፤ ፖላርድ ደግሞ ሁከር አይደለም። ስለዚህ በሙያው ሁከር የሆነ የቀረን ቦንጊ ምቦናምቢ ብቻ ነው። ሌላው ዲዮን ፎሪ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በብዛት በሌላ ቦታ ነው የተጫወተው። ልጄ ማታ ሲጸልይ ለምቦናምቢ ጉልበትም ይጸልያል።

ኒውዚላንድን መናቅ ደግሞ ትልቅ ስህተት ነው። ልጄ "በኦገስት 35 ለ 7 አሸንፈናቸዋል" ይላል። እውነት ነው፤ በታሪካቸው እንደዚያ ተሸንፈው አያውቁም። የዓለም ዋንጫውን የመክፈቻ ጨዋታም በፈረንሳይ 27 ለ 13 ተሸንፈዋል። ብዙ ሰው አበቃላቸው ብሎ ነበር። እነሱ ግን አየርላንድን 28 ለ 24 አሸነፉ። የዚያ ጨዋታ መጨረሻ ላይ አየርላንዶች ኳሷን ይዘው ሠላሳ ሰባት ጊዜ ተጋጩ፤ ኒውዚላንዶች ሠላሳ ሰባቱንም ጊዜ ጣሏቸው። በመጨረሻ ኳሷን የነጠቀው ሳም ዋይትሎክ ነው፤ 35 ዓመቱ ነው። ቅዳሜ ካሸነፈ ሦስት ዋንጫ የወሰደ የመጀመሪያው ሰው ይሆናል። ከዚያ አርጀንቲናን 44 ለ 6 አደረጓት፤ ዊል ጆርዳን ብቻውን ሦስት ትራይ። እነሱ አርብ ተጫውተው አንድ ቀን የበለጠ አርፈዋል። የእኛ ልጆች በሁለት ጨዋታ ተቀጥቅጠው ነው የሚመጡት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እፈራለሁ።

እኛ ቤት ጥቁሩን ማሊያ ለብሶ የሚመጣም አለ። ከኬፕታውን የመጣ ጎረቤታችን ነው። በአፓርታይድ ዘመን አያቱና አባቱ ስፕሪንግቦክን አንደግፍም ብለው ኒውዚላንድን ያዙ፤ እሱም ከነሱ ወረሰው። ኬፕታውን እንደሱ ያሉ ብዙ ናቸው። ልጄ በመጀመሪያ ከፍቶት ነበር። አሁን ግን ወንበሩን ከራሱ ወንበር አጠገብ አድርጎለታል።

ቦታ ከሰጣችሁን የኮሊሲን ፎቶ አድርጉልኝ። ቦታ ከተረፈ ማንዴላ ለፒናር ዋንጫውን ሲሰጡ የተነሱትንም። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ጻፉት፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት። "የአሜሪካ እግር ኳስ ዓይነት ጨዋታ" ብላችሁ ግን አትጻፉ፤ ሌላ ነው።

አባዬ፣ ይህ ከታተመ ታነበዋለህ። ቅዳሜ ማታ ከ4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ብትደውል አላነሳም። ከዚያ በኋላ ግን ደውል። ብናሸንፍም ብንሸነፍም ልጁ አይተኛም፤ ካንተ ጋር ማውራት ይፈልጋል።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት አንባቢያችሁ፣ ከጆሃንስበርግ